የኮሶው ዛፍ የኔታ

የኔታ ወልደ ሰንበት ማረፋቸውን የነገረኝ እብናት ገበያ ላይ ያገኘሁት አንድ የጉና ገብስ ሻጭ ነው። ስለ ውርጩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገብሱ ሲያወራኝ ቆይቶ በመካከሉ፣ «የፊደል መምህራችንም ባለፈው ጾም አረፉብን» አለኝ።

«ማን ይባላሉ?» አልሁት።

ስማቸውን ሲነግረኝ የያዝሁትን ስልቻ አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሰውየው ደንገጥ ብሎ፣ «ዘመድሽ ነበሩ?» አለኝ። «አይደሉም» ልለው አፌን ከፈትሁና ተውሁት።

«እንዴት ሆነው አረፉ?»

«ልጆች እያስቆጠሩ ነው። ልጆቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው፣ እንዳይቀሰቅሷቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ከሰዓት በኋላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም አላወቀ።»

እንግዲያው እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ሊሆኑ አይችሉም።

እኔ የተወለድሁት ደብረ ታቦር ነው። አባቴ ለንጉሡ ሠራዊት ኮርቻ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ከተማ ትባል እንጂ የጦር ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከየአገሩ የሰበሰቡት ጦር ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ከነፍየሉ ኮረብታውን ሞልቶት፣ ጧት ጧት ጢሱ ሲነሣ ተራራው ራሱ ቁርስ የሚሠራ ይመስል ነበር። ዝቅ ብሎ ጋፋት አለ። እዚያ ከባሕር ማዶ የመጡ ፈረንጆችና የአገራችን ቀጥቃጮች አብረው ለንጉሡ መድፍ ያቀልጣሉ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የመዶሻቸው ድምፅ ቤታችን ድረስ ይመጣል።

የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። የደራ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ከሐሙሲት ወዲያ ማዶ ነው። አጭር ነበሩ፤ ዓይናቸውም ከክንድ ርቀት በላይ አያይም። ጥምጣማቸው ከራሳቸው ስለሚበልጥ በየጊዜው ወደ ቅንድባቸው ይንሸራተታል፤ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ መለስ ያደርጉታል። ሲናደዱም፣ ሲደሰቱም፣ የሚሉት ሲጠፋቸውም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አለንጋ ነበራቸው፤ ግን የሚመቱበት መሬቱን ብቻ ነው። አንድ ቀን ዓይናቸው አታሏቸው የገዛ እግራቸውን መቱና፣ «ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የመታሁት?» ብለው ጠየቁን።

እኔ ስገባ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ «ሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል?» ብትል፣ አባቴ «አፏ ሥራ ይያዝ ብዬ ነው። ኮርቻ በሰፋሁ ቁጥር ስትጠይቀኝ መርፌው ጣቴን ፈጀው» አላት። የኔታም የመጀመሪያው ቀን ሳወራ ሰምተውኝ «አንቺ ምላስ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው በሌላ ስም አልጠሩኝም።

ከግንቡ ሥር የተቀመጥነው ልጆች የአንድ አገር ልጆች አልነበርንም። የገመቹ አባት ከሸዋ በኩል የመጣ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ገመቹ ከእናቱ ቋንቋ በቀር አንድ የአማርኛ ቃል ሳያውቅ መጣ። ሃንስ ጋፋት ብረት የሚያቀልጥ የአንድ ፈረንጅ ልጅ ነው። እኛ «አንስ» ነበር የምንለው፤ ስሙ አንስ ይሁን እንጂ ቁመቱ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የሻለቃ ልጅ መኮንን ነበረ፤ አሽከር እስከ በሩ ድረስ ይሸኘዋል። ከሐማሴን የመጡ፣ በትግርኛ ሲጣሉ ውለው በትግርኛ የሚታረቁ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ይታይሽም ነበረች። አባቷ ቀጥቃጭ ነው። የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ስለሚባል፣ እናቶቻችን እሷን ሲያዩ ሕፃን ልጅ በነጠላ ይሸፍናሉ።

ሌላ መምህር ቢሆን የሻለቃውን ልጅ ከፊት፣ የቀጥቃጩን ልጅ ከበር ባስቀመጠ። የኔታ ግን የሚያስቀምጡን በድምፃችን ነው። ድምፁ የሚቀጥን ከፊት፣ የሚጎረንን ከኋላ። በዚህ ዓይነት ይታይሽና መኮንን አንድ አጎዛ ላይ ጎን ለጎን ወደቁ። የሻለቃው አሽከር ይህን አይቶ ቢናገራቸው፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ አያይልኝም» አሉት። ያን ቀን አሳዘኑኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዳዊታቸው ላይ አንዲት ቁንጫ ለቅመው ሲጥሉ አየሁና ማዘኔን ተውሁ።

ገመቹ የመጣ ዕለት ፀሐይ ነበር። ከቀትር በፊት «ቢሻን፣ ቢሻን» ማለት ጀመረ።

የኔታ የሚጠቁሙባትን ስንደዶ ከፊደሉ ላይ አነሡና፣ «ማነው የሚሻን?» አሉ።

«ቢሻን» አለ ገመቹ።

«ቢሻንማ እንሄዳለን። ማን ነው ግን? ንጉሡ ናቸው?»

ንጉሡ የሚለውን ስንሰማ ሁላችን ተነሥተን ቆምን። መኮንን አሽከሩን መጣራት ጀመረ። ገመቹ ግራ ገብቶት እንባው መጣ። በመጨረሻ ይታይሽ ከአጎዛዋ ተነሥታ ቅል ሙሉ ውሃ አመጣችለት። እስኪጨርሰው ድረስ ጠጣና አፉን ጠርጎ፣ «ቢሻን» አላት። እሷ አባቷ ዘንድ ከሚሠሩት ሰዎች ቃሉን ሰምታው ኖሯል።

የኔታ ጥምጣማቸውን በአውራ ጣታቸው መለሱት። «ለካ ንጉሡ አይደሉም፣ ውሃ ነው የጠራን» አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ስሙኝ ልጆች። ያላወቃችሁት ቃል እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል?»

«እግሩ ይታጠባል» አልን።

«እንግዲያውስ እጠቡት።»

መታጠብ ማለት ቃሉን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊደል በፊት ሁልጊዜ አንድ እንግዳ እናጥባለን። ገመቹ «ኮቱ» ማለት «ና» ማለት መሆኑን አስተማረን። የሐማሴን ልጆች «ማይ» ውሃ፣ «ጸባ» ወተት አሉን። ሃንስ ዳቦን «ብሮት» ይለው ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ይዤ እቤት እገባለሁ። አንድ ማታ ራት ላይ «ብሮት ስጡኝ» ብል አባቴ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። «ከቤተ ክርስቲያን» አልሁት። በማግሥቱ ለኮርቻ ሠሪዎቹ ሁሉ፣ «ልጄ ግዕዝ ጀመረች፤ ዳቦ በግዕዝ ብሮት ነው» እያለ ሲነግር ዋለ።

የሃንስ ነገር ግን ያስቸግር ነበር። አንደኛ፣ «አዎ» ማለት ሲፈልግ «ያ» ይላል። የኔታ «ገባህ?» ይሉታል፤ «ያ» ይላል፤ እሳቸውም «የቱ ያ?» ብለው በደከመ ዓይናቸው ወደ ኋላቸው ዘወር ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ጠ» አይወጣለትም። ጧት ሲመጣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «ቴና ይስትልኝ፣ የኔታ» ይላል። እኛ እንስቃለን፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል። አንድ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ መናገሩን ጭራሽ ተወ። ሦስት ቀን ያህል አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሁላችን የኔታ ጎጆ ውስጥ እንጠጋለን። ጎጆዋ ታፈስሳለች። የኔታ በሚያፈስሰው ሥር ድስት አስቀምጠው ሃንስን ከድስቱ አጠገብ አስቀመጡት።

«እኔ ሳልሆን ዛሬ መምህርህ ይህ ነው። አድምጥ» አሉት።

ጠብ፣ አለ ውሃው። ጠብ። ጠብ።

ሃንስ ብዙ ሰዓት አፉን ከፍቶ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። እኛ ረስተነው ስናወራ፣ ከድስቱ በኩል «ጠ» የሚል ድምፅ ሰማን። ዝም አልን። ጣሪያው ነው ወይስ ሃንስ ነው? እንደገና «ጠ» አለ። ሃንስ ነው። ከዚያ ማን ያስቁመው። እስኪያባራ ድረስ እሱና ጣሪያው ሲፎካከሩ ዋሉ። አባቱ ግን እስከ መጨረሻው «ቴና ይስትልኝ» እንዳለ ቀረ። የኔታ ከእሱ ጋር በተገናኙ ቁጥር፣ «የዚህ ሰው ቤት ጨርሶ አያፈስም መሰለኝ» ይሉን ነበር።

እንዲህ እያልን መስከረም ጠባ። የባቄላ እሸት በደረሰ ሰሞን መኮንን ሆዱን ቁርጠት ያዘው። እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ከእነ ደንገጡሮቿ መጣች። ልጁ በአሽከሩ ጀርባ ላይ ሆኖ ያቃስታል። ሌሎች እናቶችም ተከትለዋት ቅጥሩ ሞላ። የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ አለቃ ምሕረቱ፣ ጫጫታውን ሰምተው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ሕግ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ይህች የቀጥቃጭ ልጅ ልጄን በላችብኝ» አለች ወይዘሮ አሰለፈች፣ ጣቷን ወደ ይታይሽ ቀስራ።

ይታይሽ ነገሩ አልገባትም። ዙሪያዋን አየችና፣ «እኔ አልበላሁትም። ቂጣ ነው የበላሁ» አለች። ቂጣውን ልታሳይ ከቀሚሷ እጥፋት አወጣች። ግማሹ አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ አልሳቅሁም፤ በእናቶቹ ፊት ላይ ያየሁት ነገር አስፈርቶኛል። በእንዲህ ያለ ነገር ሰው ይደበደባል፤ ከሰፈርም ይባረራል። አንዷ ሴት ድንጋይ አንሥታ እጇ ውስጥ እንደ ያዘች አየኋት።

የኔታ በዳበሳ መኮንን ዘንድ ደርሰው ሆዱን ነካ ነካ አደረጉት። «ይህ ልጅ ትናንት ምን በላ?» አሉ።

«ባቄላ» አለ ገመቹ። አማርኛው ያን ጊዜ ጥሩ ሆኗል።

«ምን ያህል?»

ገመቹ እጁን ዘርግቶ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ማሳ አሳየ። «ይህን» አለ።

የኔታ ይህን ሰምተው ቢተዉት፣ ነገሩ ምናልባት በዚያው ይበርድ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ይታይሽ ዞረው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ከቂጣሽ ትሰጪኛለሽ?»

ሰጠቻቸው። ባረኩ፣ ቆረሱ፣ በሉ። በዚያ ዘመን ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ እህል የእኛ ሰው አይቀምስም፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይማ ስንኳንስ ሊቀምስ አይነካም። ቅጥሩ ውስጥ የሚሰማው የየኔታ ማኘክ ብቻ ሆነ።

«መሪጌታ፣ ምን አደረጉ?» አሉ አለቃ።

«በላሁ።»

«ከማን እጅ?»

«ከተማሪዬ እጅ። ቡዳ ከሆነች እኔን ትጀምር፤ ግን ሥጋ የለኝም፣ ትጎዳለች።»

አለቃ ምሕረቱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቀጥለው፣ «እንግዲያው ከእኛ ጋር ማኅሌት አይቆሙም። ልጆቹንም ከዚህ ቅጥር ያውጡ» አሉ።

የኔታ ጥምጣማቸውን መለሱ። ክርክር ውስጥ አልገቡም። ወደ ይታይሽ ዘንበል ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ጨው አንሶታል። ነገ ታብዛበት» አሏት።

ድንጋይ የያዘችው ሴት ድንጋዩን ጣለች። እኔ ግን ያን ቀን የተወረወረ ድንጋይ ያለ ይመስለኛል፤ ያረፈው የኔታ ላይ ነው። የሚኖሩት ምእመናን በሚሰጧቸው እንጀራና ቤተ ክርስቲያኑ በሚሰፍርላቸው እህል ነበር። ሁለቱም ባንድ ቀን ቀሩ።

በማግሥቱ ፊደላቸውንና አጎዛቸውን ተሸክመው ወረዱ። በጋፋትና በደብረ ታቦር መካከል፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነበረ፤ እሱ ሥር ተቀመጡ። «ኮሶም ፊደልም ሲወስዱት ነው የሚመር» አሉን። የመጣነው አራት ብቻ ነን፦ ይታይሽ፣ ገመቹ፣ ሃንስና እኔ። እናቴ ከልክላኝ ነበር፤ አባቴ ግን «ካልሄደች እኔን ነው የምትጠይቀኝ» ብሎ አስለቀቀኝ።

ምግባቸው እኛ የምናመጣው ሆነ። ከይታይሽ ቤት ጨው የበዛበት ቂጣ፣ ከገመቹ ቤት በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ፣ ከሃንስ ቤት እንደ ጡብ የጠነከረ ዳቦ፣ ከእኛ ቤት እናቴ ሳትነግረኝ በነጠላዬ የምትቋጥርልኝ ድርቆሽ። አንዳንድ ቀን ሁላችንም ባዶ እጃችንን እንመጣለን። «በአራት ቋንቋ የሚራብ ሰው ከእኔ በቀር የለም» ይሉና ማስቆጠር ይጀምራሉ። ጉንጫቸው እየገባ ሲሄድ ግን አየሁ። አንድ የበዓል ቀን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ፣ እኛ ያኔ ስንቀመጥበት ከነበረው ቦታ በስተጀርባ፣ ግንቡን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ውስጥ ማኅሌት ይቆማል። እሳቸው ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸው ብቻ አብሮ ይዘምራል። ስለማያዩኝ አጠገባቸው ጥቂት ቆሜ ሄድሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ያን የመሰለ ወሬ በሆዴ መያዜ እኔንም አስገርሞኛል።

ከወር በኋላ መኮንን ከአሽከሩ አምልጦ መጣ። ቤት ውስጥ ብቻውን ሰልችቶታል። ወይዘሮ አሰለፈች ተከትላው መጥታ እየጎተተች ወሰደችው። በሁለተኛው ቀን አመለጠ፤ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን ደከማትና እንዝርቷን ይዛ መጣች።

«እኔ ልጄን ከዓይን ለመጠበቅ ነው የምቀመጥ» አለች ለየኔታ።

«መልካም ነው» አሏት።

ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ከዛፉ ራቅ ብላ፣ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። ዞራም አታየን። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር አለቀ፣ በጋው ተጋመሰ፣ እሷ ትፈትላለች። አንድ ቀን የኔታ ስንደዶዋን አንዱ ፊደል ላይ አቁመው፣ «ይህ ማነው?» አሉ። የ«ነ» ዘር መሆኑን አውቀናል፤ ከሰባቱ ማንኛው እንደ ሆነ ግን ጠፋን። ሃንስ «ና» አለ። ገመቹ «ን» አለ። እኔ ያለወትሮዬ ዝም አልሁ።

«ዓይናችሁ ካልጠፋ እግሩን እዩ እንጂ» አሉ የኔታ። «እግሩ ላይ ቀለበት አድርጓል።»

ሁላችን ወደ እግሩ ጎንበስ አልን።

«ኔ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይዘሮ አሰለፈች ናት። ፊቷን አላዞረችም። እንዝርቷ ግን ቆሟል።

የኔታ ጥምጣማቸውን ሁለት ጊዜ መለሱ። «ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ አገኘችው» አሉ። በማግሥቱ አጎዛ ይዛ መጣች። ወደ እኛ ፊቷን አዙራ የተቀመጠችው ከይታይሽ ማዶ ነው፤ ማዶ ያልሁት አንድ ክንድ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ልጆች እናቶች፣ የሐማሴኖቹም ጭምር፣ አንድ ባንድ ልጆቻቸውን ይልኩ ጀመር። አለቃ ምሕረቱ ግን ቃላቸውን አልመለሱም። በበቅሎ ሲያልፉ ወደ ዛፉ አያዩም፤ በቅሎዋ ግን እኛ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትዘገያለች። መታዘዟን እንጃ።

እንደዚያው ሆነን ዓመት ሞላን። ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ ወሬው መጣ። ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ምሥራቅ ሊሄዱ ነው። ትልቁ መድፍ በመንኰራኵር ይጎተታል፤ ጋፋት ያለ ብረት ሠሪ ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ፈረሰኛውም፣ ሻለቃውም ይሄዳል። ከዛፋችን ሥር የምትቀር አንዲት ልጅ እኔ ሆንሁ። አባቴን በቅሎ ረግጣው እግሩ ተሰብሮ ስለ ነበር ተውት።

በመጨረሻው ቀን የደረስነው «የ» ላይ ነበር። በክረምቱ ብዙ ቀን ስላመለጠን ወደ ኋላ ቀርተን ነው። የኔታ እስከ «ዩ» አስቆጠሩንና ስንደዶዋን አስቀመጡ። ማንም አልተነሣም። ይታይሽ፣ «የኔታ፣ የቀረውስ?» አለቻቸው።

«የቀረውስ ማለት?»

«ከ‹የ› ወዲያ ያለው። እሱን ማን ያስቆጥረናል?»

ጥምጣማቸው ቅንድባቸው ላይ ወርዶ ነበር፤ አልመለሱትም።

በማግሥቱ ጧት ሰፈሩ እየተነቀለ፣ ጢስና አቧራው አንድ ሆኖ፣ የኔታ ፊደሉን በጀርባቸው አስረው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። አለቃ ምሕረቱ በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው መጡ። ከዚያ ቅጥር ከወጡ ወዲህ ሲነጋገሩ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው።

«ወዴት ነው?» አሉ አለቃ።

«ልጆቹ ‹የ› ላይ ናቸው። እስከ ‹ፐ› ልሸኛቸው ነው።»

«ሠራዊቱ እኮ የሚሄደው እስከ ‹ፐ› አይደለም።»

«እኔ ግን እስከዚያው ነኝ።»

አለቃ የበቅሎዋን ልጓም አቀበሏቸው። «ለአንቱ አይደለም» አሉ። «መጽሐፉ መሬት እንዳይወድቅ ነው።»

እኔ አለቀስሁ። «እኔስ?» አልኋቸው። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉና፣ «አንቺ ምላስ፣ አንቺ የትም አትሄጂም፤ ስመለስ አገኝሻለሁ። እነሱ ናቸው የሚሮጡብኝ» አሉኝ። ይታይሽ ከእናቷ ኋላ ሆና ዞራ ዞራ አየችኝ። እናቷ እርጉዝ ነበረች፣ ቀስ እያለች ነው የምትሄድ። ገመቹ ከአባቱ ፈረስ ላይ ሆኖ «ኮቱ» ብሎ ጠራኝ። መሄድ አልቻልሁም። ከእነዚያ ልጆች አንዱንም ከዚያ ወዲያ አላየሁ።

የመንገዱን ነገር ኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። መድፉ እንዲያልፍ ገደሉ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ ስለሚሄዱ፣ ሠራዊቱ በቀን የሚጓዘው ጥቂት ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ ሲፈነቅሉ የኔታ ልጆቹን አንድ ቋጥኝ ሥር ሰብስበው «ደ» ያስቆጥራሉ፤ መንኰራኵሩ ሲንቀሳቀስ ተነሥተው እየሄዱ «ጀ» ይላሉ። «እንዲህ ዝግ ብሎ የሚሄድ ትምህርት ቤት በዕድሜዬ አላየሁም፤ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው» አሉኝ። «ጠ» ላይ ሲደርሱ ሃንስ ነው አሉ ሌሎቹን ያስቆጠራቸው።

ገብሱ ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከአባቴ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል ስናልፍ የኔታን አየናቸው። በእግራቸው እየመጡ ነው። ከስተዋል፣ ጫማቸው አልቋል፣ አቧራ ለብሰዋል። አለቃ ምሕረቱ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። ሠራዊቱ ሲነሣ ከተማውን አቃጥሎት፣ ሰው ተበትኖ፣ ከካህናቱ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል።

«በቅሎዋስ?» አሉ አለቃ።

«የይታይሽ እናት መንገድ ላይ ወለደች። በእግሯ መሄድ አትችልም።»

አለቃ በረጅሙ ተነፈሱ። ይህች በቅሎ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሚቆጡ መስሎኝ አባቴ ኋላ ተሸሸግሁ።

«ልጆቹስ?»

«ጨረሱ።»

«የቀጥቃጩም ልጅ?»

«እሷማ ከሁሉ ቀድማ። ‹ፐ› ብላ ነው የተለየችኝ።»

አለቃ ወደ ውስጥ ሊገቡ ዞሩና፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ «ነገ ከቀትር በኋላ የበዓሉ ዋዜማ ይቆማል። እንዳይዘገዩ» አሉ።

በማግሥቱ የኔታ ዘገዩ። የዘገዩት በእኔ ነው። ጧት መጥተው ከቤቴ ወስደውኝ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ብቻዬን አስቀምጠውኝ፣ «የት ላይ ነበርን?» አሉኝ። «‹ዩ› ላይ» አልኋቸው። «‹ዪ› በዪ» ብለው ጀመሩ። ፀሐይ ስታዘነብል ዋዜማው መድረሱን ብዙ ጊዜ ነገርኋቸው፤ «‹ገ›ን እንጨርስና» ይላሉ። ዳገቱን ስንወጣ ሰዓቱ አልፏል፤ እጄን ይዘው ይሮጣሉ፣ በየድንጋዩ ይደናቀፋሉ፣ እኔ እመራቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ብሏል። ተጀምሮ ያለቀ መሰለኝ። በሩ ላይ ደርሰን ስናይ ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከበሮው ከመሬት አልተነሣም። አለቃ ምሕረቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሁሉንም ዝም አሰኝተው፣ ይጠብቁ ነበር።